ሆዷ ሞልቶ የተራበች ኤሊ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኤሊ ነው። ርእሱን አይታችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም ብሆን ከዚያ ጉዞ በፊት ስለ ኤሊ የማውቀው ልጆች ሳለን በተረት የሰማነውን፣ ከጥንቸል ጋር ተወዳድራ ያሸነፈችውን ብቻ ነበር። ባሕር በሌለው አገር ያደገ ሰው ስለ ባሕር ኤሊ ከየት ያውቃል?

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከትምህርቴ ጎን ለጎን በሐበሾች ኅብረት ውስጥ የወጣቶቹን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራ ነበር። አንደበቴ ጥሩ ነበር፤ ይህን የምላችሁ ራሴን ለማመስገን አይደለም፣ ችግሩ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ሰው ሲያዝን የሚባለውን፣ ሥራ ሲያጣ የሚባለውን፣ ፈተና ሲወድቅ የሚባለውን ሁሉ አውቅ ነበር። ልጆቹም «እርሱ እኮ ቃል አለው» ይሉኝ ነበር።

ከጥናቱ ልጆች አንዱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በታኅሣሥ ወር አባቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ስለነበር ከኬንያ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ አባቱን ሳይቀብር ቀረ። መርዶውን የሰማው በስልክ ነው፤ ቀብሩንም ያየው በስልክ ነው። በሳምንቱ ከጥናት በኋላ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እኔ መጣና «ወንድሜ፣ መጸለይ አቃተኝ። አፌን ስከፍት ምንም አይመጣልኝም። ምን ላድርግ?» አለኝ።

እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ መናገር ጀመርኩ። ዛሬ ያለቀስክበት ቦታ ነገ የምትመሰክርበት መድረክ ይሆናል አልኩት። እግዚአብሔር ዝም ያለ ሲመስልህ እየሠራ ነው አልኩት። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ነገሮችን ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አሳምሬ ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝና «ያንን ቪዲዮ እኔም አይቼዋለሁ» አለኝ።

በቁጣ አልነበረም። እንዲያውም ለእኔ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ጥናት አልመጣም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣም።

የወጣቶቹ ጉዞ ከብዙ ጊዜ በፊት የታቀደ ስለነበር ገና ባለፈ በሳምንቱ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ወረድን። እርሱ ቀረ። እኔ ግን የማታውን የጥሞና ጊዜ እንድመራ ፕሮግራም ተይዞልኝ ስለነበር መቅረት አልቻልኩም።

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ የጻቮን ፓርክ ሲያቋርጥ በቀይ አፈር የቀሉ ዝሆኖች በመስኮት ይታያሉ። ከሞምባሳ በኋላ በማታቱ ወደ ሰሜን፣ በኪሊፊ አልፈን እስከ ጌዴ፣ ከጌዴ ደግሞ በባጃጅ ወደ ዋታሙ። ዋታሙ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ አሁን የቱሪስት ከተማ ሆናለች። ያረፍነው አ ሮሻ ኬንያ የተባለ ክርስቲያናዊ ድርጅት ባሕሩ ዳር ባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው። አ ሮሻ በፖርቱጋልኛ «ዐለቱ» ማለት ነው፤ ሥራው በ1983 እ.ኤ.አ. ፖርቱጋል ውስጥ የተጀመረ ነው። ቤቱ ምዋምባ ይባላል፤ ይህም በስዋሂሊ ዐለት ማለት ሲሆን ባሕር ውስጥ ያለውን የኮራል ክምርም በዚሁ ቃል ይጠሩታል። በጌታ ያመኑ ሰዎች ወፍ ሲቆጥሩና የኮራሉን ጤንነት በደብተር ሲመዘግቡ ሳይ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ፍጥረት የሚዘመርለት ነገር ነው እንጂ ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ጎደል ሲል በጀልባ ወጣን። የዋታሙ የባሕር ፓርክ በ1968 እ.ኤ.አ. የተከለለ ነው፤ ከማሊንዲው ጋር የኬንያ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ፓርኮች ናቸው። በውስጡ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው። ሰዎች ማስክና ስኖርክል አድርገው የሚዋኙበትን ቦታ የኮራል አትክልት ስፍራ ይሉታል። ኮራል ድንጋይ እንዳይመስላችሁ፤ እያንዳንዱ ጉብታ እጅግ ብዙ ደቃቅ እንስሳት በአንድነት ሆነው፣ ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየወሰዱ የሠሩት ቤት ነው። በጥር ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ ውኃው ጥርት ያለ ነው። ትልልቆቹ ጠላቂዎች የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ከውጪ በኩል ባለው ጠለቅ ያለ ክምር ይወርዳሉ። እኛ ደገኞች ግን ላይፍ ጃኬታችንን እስከ አገጫችን አጥብቀን፣ ጀልባው ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ጸለይን። ካፒቴኑ ሽማግሌ ሙስሊም ነበሩ፤ ስንጨርስ «አሚን» አሉ። የልባቸው ይመስለኛል፤ ዋና የማይችል ሰው ጭነው ነበርና።

ውኃ ውስጥ ገብቼ ትንፋሼን እንደምንም ካረጋጋሁ በኋላ ካፒቴኑ ከላይ «ካሳ! ካሳ!» ብለው ጮኹ። አንዱ ልጃችን የአጎቱ ስም ስለሆነ ስኖርክሉን አውጥቶ እስኪያስለው ሳቀ። ካሳ በስዋሂሊ የባሕር ኤሊ ማለት ነው።

ከበታቼ፣ በሁለት ሰው ቁመት ጥልቀት ላይ፣ ከኮራሉ ጉብታዎች መካከል የባሕር ሣር የበቀለበት ሜዳ ነበር። ኤሊዋ እዚያ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። አረንጓዴ ኤሊ የሚሏት ዓይነት ናት፤ ስሟ ከቅርፊቷ ሳይሆን በውስጧ ካለው ስብ መልክ የመጣ ነው። ቅርፊቷ ቡናማ፣ በላዩ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሣለ ነገር ያለበት፣ ርዝመቷም ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል። የፊት ክንፎቿን አሸዋው ላይ አስደግፋ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ ትነክሳለች፣ ወደ ጎን ትነጫለች፣ ታላምጣለች። ከዚያ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ። ደግሞ አንገቷን ሰበር። አገዳ ሰብል ውስጥ የገባች ላም እንዲህ አትበላም፤ ያቺ ሰው እስኪመጣባት ድረስ ትጣደፋለች። ይቺ የራሷ ማሳ ላይ ያለች ናት።

በእርግጥም የራሷ ማሳ ነው። አረንጓዴ ኤሊ ትንሽ ሳለች ሥጋም ሣርም ትበላለች፤ ካደገች በኋላ ግን ዋና ምግቧ የባሕር ሣርና አልጌ ነው። የመንጋጋዋ ጠርዝ እንደ ማጭድ ጥርስ አለው። ብዙ ጊዜ በሣሩ መካከል አንድ ቦታ መርጣ ያንኑ እየደጋገመች ታጭዳለች፤ እየታጨደ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ከአሮጌው ይልቅ ለስላሳና ገንቢ ስለሆነ ነው። የበላችውን የሚያፈጩላት ደግሞ በአንጀቷ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ተሐዋስያን ናቸው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት ምግብ እያደገች ለእንቁላል የምትደርሰው ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኔ ያየኋት ኤሊ ከጥናት ቡድናችን ልጆች ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ይሆናል።

ምን ያህል ጊዜ እንዳየኋት አላስታውስም። ትንንሽ ዓሦች ከቅርፊቷ ላይ አልጌ ይለቅማሉ፤ ግድ አይሰጣትም። በመካከሉ መብላቷን ትታ በቀስታ ወደ ላይ መጣች። ኤሊ እንደ እኛ ሳንባ ነው ያላት፤ ስትተኛ ለሰዓታት ውኃ ውስጥ መቆየት ትችላለች፣ ምግብ ላይ ስትሆን ግን በየጥቂት ደቂቃው መተንፈስ አለባት። አንዱ ልጃችን በስልክ ፎቶ ሊነሣ ከላይዋ ሆኖ ጠበቃት። ካፒቴኑ ያፏጩት ፉጨት እስከ አሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ልጄ፣ አየሯን ቆመህባታል!» አሉት። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ኤሊዋ ጭንቅላቷን ከውኃው አወጣች፣ እንደ ሽማግሌ ትንፋሽ ያለ አንድ ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ሣሯ ወረደች። ትታው ወደ ነበረው ቦታ ነው የወረደችው።

በዚያው ቀን ሌላ ዓይነትም አይተናል፤ ምንቃሯ እንደ ጭልፊት የታጠፈ፣ አነስ ያለች። እርሷ ሣር አትፈልግም፤ ከኮራሉ ሥር የሚያድጉትን ስፖንጅ የሚባሉ እንስሳት ትቆርጣለች። ሰውነታቸው እንደ መስተዋት ባሉ ረቂቅ መርፌዎች የተሞላ ነው፤ መርዝ ያላቸውም አሉ፤ እርሷ ግን ትበላቸዋለች፣ በዚያውም ለኮራሉ ቦታ ታስለቅቅለታለች። ማበጠሪያና የመነጽር ፍሬም ይሠራ የነበረው ከእርሷ ቅርፊት ስለሆነ ልትጠፋ ተቃርባለች። በዚህ ነገር የእኛም እጅ አለበት። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በግሪክኛ በጻፈው መመሪያ ውስጥ ከአዱሊስ ወደብ የሚጫነው ሸቀጥ ሲዘረዘር ከዝሆን ጥርስና ከአውራሪስ ቀንድ ጋር የኤሊ ቅርፊት ይገኛል። ባሕር በሌለው አገር ያደግኩ ነኝ ብዬ ነበር አይደል? አያቶቻችን ግን ኤሊን ያውቋት ነበር፤ ቢያንስ ዋጋዋን።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን ሄድን። እዚያው ዋታሙ ውስጥ ያለ፣ የታመሙና የተጎዱ ኤሊዎችን የሚያስታምም ቦታ ነው። አጥማጆች ኤሊ በመረባቸው ስትያዝባቸው ይደውላሉ፤ ሠራተኞቹ ሄደው ይመዝኗታል፣ ይለኳታል፣ ጤነኛ ከሆነች ወደ ባሕሩ ይለቋታል። አጥማጁ ለድካሙ መጠነኛ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች ተለቅቀዋል። የታመመችዋ ግን እዚያው በገንዳ ትቀራለች።

በአንዱ ገንዳ ውስጥ መካከለኛ መጠን ያላት አረንጓዴ ኤሊ ነበረች። የኋላ ቅርፊቷ ከውኃው በላይ ወጥቶ ደርቋል። ክንፎቿን ታማታለች፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ትቀብራለች፣ ጥቂት ትወርድና እንደ ጠርሙስ ክዳን ተመልሳ ትንሳፈፋለች። ደግሞ ትሞክራለች። ደግሞ ትንሳፈፋለች። ከገንዳው በታች የተቀመጠላት ምግብ ይታያታል፤ አትደርስበትም።

«ምን ሆና ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ጠግባ ነው» አለችን ታስጎበኘን የነበረችው ወጣት፤ ከዚያ ሣቅ ሳትል አስረዳችን። ኤሊዋ ፕላስቲክ በልታለች። ፌስታል ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ኤሊ የምትበላውን ጄሊፊሽ ይመስላል። መልኩ ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ ሲቆይ ደቃቅ ነገሮች ይበቅሉበትና ሽታውም የምግብ ሽታ ይሆናል። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። የባሕር ኤሊ ጉሮሮ ከውስጥ ወደ ሆዷ በተቀሰሩ እሾህ መሰል ነገሮች የተሞላ ነው፤ የዋጠችው ምግብ ከባሕሩ ውኃ ጋር ተመልሶ እንዳያመልጣት የተሠራ ነው። ለሣሩና ለጄሊፊሹ እጅግ ጥሩ ነው። ፌስታል ግን ቢቀፋትም ልትተፋው አትችልም። አንጀቷን ይዘጋል፣ ከተዘጋው በስተ ኋላ ያለው ይብላላል፣ ጋዝ ይጠራቀማል፣ ሆዷ ይነፋል። ከዚያ መጥለቅ አትችልም። ሣሩ ከሥሯ፣ እርሷ ከላይ። ፀሐይ ጀርባዋን ያቃጥላል፣ ቅርፊቷ ላይ አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ነገር ይጣበቃል፣ ጀልባም ሊመታት ይችላል። ካልተገኘች በረኃብ ትሞታለች። ሆዷ ሲከፈት ግን ሙሉ ነው።

ኬንያ ፌስታልን በ2017 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች፤ ባሕሩ ውስጥ ያለው ግን የአንድ አገር አይደለም። «የእኛ ቆሻሻ ባሕር አይደርስም» ብሎ የተናገረ ልጅ ነበር፤ አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ በትምህርት ቤት የተማረ። እውነቱን ነው ስለ አዋሽ። ገናሌና ዳዋ ግን ጁባ ሆነው ኪስማዮ አጠገብ እዚሁ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ።

ልጆቹ የኤሊዋን ዕንባ አይተው «ታለቅሳለች» ብለው ፎቶ ያነሱ ነበር። ዕንባ አይደለም፤ የጠጣችውን ጨው በዓይኗ በኩል ነው የምታስወግደው። ይህን ለስብከት ምሳሌ ልታደርጉት ብታስቡ እንኳ ተዉት። እኔ ግን ከገንዳው መራቅ አልቻልኩም። «ጠግባ ነው» የሚለው ቃል ይዞኝ ነበር።

እናንተን የማልዋሻችሁ ስለሆነ እንደነበረው ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የምይዘው ስልኬን ነበር። አልጋ ላይ እንዳለሁ የአርባ ሰከንድ ስብከት፣ የአንድ ደቂቃ አምልኮ፣ ደግሞ ስብከት። የወደድኩትን አስቀምጣለሁ፣ የሚያምረውን ዐረፍተ ነገር ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ እንዲሁ፣ ማታ እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ጌታ ስሰማ እውል ነበር። መጽሐፍ ቅዱሴን ግን ለጥናቱ ለመዘጋጀት ካልሆነ በቀር ለራሴ ከከፈትኩት ወራት አልፎኝ ነበር። ስከፍተውም ሁለት ቁጥር ላይ እሰለቻለሁ፤ ይህን አውቀዋለሁ፣ ይህን ሰብኬዋለሁ እላለሁ። መንበርከክ ስሞክር እንደዚያች ኤሊ ጥቂት ወርጄ ተመልሼ እንሳፈፋለሁ። ተርቤ እንደሆነ አልገባኝም፤ ርኃብ አይሰማኝም ነበርና።

ቪዲዮዎቹ ክፉ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ለዚያ ልጅ ያወረድኩለትን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምናልባት ከመቃብር ዳር ሲመለስ ያገኘው ይሆናል። ለእርሱ ምግብ ነበረ። ለእኔ የደረሰው መልኩና ሽታው ነው። እኔ ደግሞ ሳላላምጥ ለሌላ ሰው አቀበልኩት፤ ለዚያውም አባቱን ላልቀበረ ልጅ። ኤሊዋና እኔ የምንለያይበትም አለ። እርሷ ተታላ ነው። እኔ ግን ሣሩ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ቀስ ብሎ መብላት ይፈልጋል፣ ማንም አያይልህም፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ የሚሆን ነገር ላይገኝበት ይችላል። ስለዚህ አልወረድኩም።

«ትድናለች?» ብዬ ጠየቅኳት ልጅቷን፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ።

አንዳንዶቹ ይድናሉ አለችኝ። አንጀቷን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ይሰጧታል፣ የሚወጣውን ይመዘግባሉ፣ ይጠብቃሉ። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ወራትም የፈጀባቸው አሉ። ማንም ቶሎ ላስወጣው ብሎ ሊጎትተው አይችልም፤ አንጀቷን ይቀድባታል። መዳኗን የሚያውቁት ወደ ታች ስትወርድና እዚያው ስትቆይ ነው።

ያን ማታ ጥሞናውን የምመራው እኔ ነበርኩ። ያዘጋጀሁት ነገር ስልኬ ላይ ነበር፤ ርእሱም «ከማዕበሉ በላይ መራመድ» የሚል ይመስለኛል። ምዋምባ በረንዳ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ባሕሩ በጨለማ ውስጥ ይሰማል። የማስተምረው ነገር እንደሌለኝ ነገርኳቸው። መዝሙር 104ን ገልጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝግታ አነበብኩት፤ ባሕሩን፣ በውስጡ የሚርመሰመሱትን፣ ምግባቸውን በጊዜው ከእርሱ እጅ የሚጠብቁትን። ጨርሼ ዝም አልኩ። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አልን። የእኛ ወጣቶች ዝምታ አይችሉም፤ አንዱ መዝሙር ሊያነሣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላዋ ክንዱን ያዘችው። ከዚያ እንደገና አነበብኩት። አንዳንዶቹ ፕሮግራሙ እንደ ከሸፈ በኋላ ነግረውኛል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ግን ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንዲት ቃል ላይ ቆሜ ማለፍ አቃተኝ፤ የትኛዋ እንደሆነች ለራሴ ልተዋት።

ናይሮቢ እንደተመለስን በማግስቱ ኢስሊ ወደሚገኘው የዚያ ልጅ ቤት ሄድኩ። ዳቦና ስኳር ይዤ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ቢዘገይም። ከሁለት ልጆች ጋር የተከራያት አንዲት ክፍል ናት፤ ብቻውን ነበር። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ አልተደሰተም፣ አልተቆጣምም። ግባ አለኝ። ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ያልኩህ ነገር የእኔ አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የምለው አልነበረኝም፤ እንዲኖረኝም አልሞከርኩም። ቀላል አልነበረም፤ አራት አምስት ዐረፍተ ነገሮች አፌ ላይ መጥተው መልሼ ዋጥኳቸው። እርሱ ሻይ ጣደ። ውኃው እስኪፈላ ድረስ ሁለታችንም ምድጃውን እናያለን። ሻዩን ከቀዳ በኋላ ስለ አባቱ ያወራኝ ጀመር። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሠፈሩ ውስጥ ያለውን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚለኩት እርሳቸው ነበሩ። የሚለኩበትን ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቤተ ክርስቲያን ይመጡ ነበር፤ እናቱ ሁልጊዜ ትቆጣቸዋለች። «ቀብሩ ላይ ማን እንደለካቸው እንጃ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕንባው ሲወርድ ትከሻውን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መልሼ ሰበሰብኩት፣ ብቻ ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። አብሬው አለቀስኩ። አልጸለይንም። ልንጸልይ ይገባን ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

ሲመሽ ልሄድ ተነሣሁ። በሩ ላይ ሆኖ «ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለኝ። ቆሜ ስለ ኤሊዋ ነገርኩት፤ ስለ ፌስታሉ፣ ስለ ጉሮሮዋ፣ ሣሩ ከሥሯ ሆኖ መውረድ ስላቃታት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ እስክጨርስም ጠበቀኝ።

«ታዲያ ወረደች?» አለኝ።

«እኛ ስንለያት ገና ነበረች» አልኩት።

«ሐሙስ ጥናት አለ?»

«አለ» አልኩት።